«አውሮፕላኑ እንደሆነ መብረሩ አይቀርም»

የአፍሪካ ኅብረት የመሪዎች ጉባኤ በደረሰ ቁጥር ከቦሌ እስከ ሜክሲኮ የሚሰማው እሮሮ አንድ ዓይነት ነው፤ መንገድ ተዘጋ፣ ታክሲ ጠፋ፣ ግማሽ ቀን መንገድ ላይ ቀረ። በኅዳር 2018 ዓ.ም. ብራዚል ቤሌም ላይ የ32ኛው የአየር ንብረት ጉባኤ (ኮፕ 32) አስተናጋጅነት ለአዲስ አበባ ከተሰጠ ወዲህ ደግሞ በእሮሮው ላይ ጥያቄ ተጨምሯል። በ2020 ዓ.ም. በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው በአውሮፕላን እየመጣ ስለ ጭስ መቀነስ ሊመክረን ነው? ጥያቄው ሹፈት ይመስላል። ለእኔ ግን ጥያቄው ቁም ነገር ነው፤ ቀልዱ ያለው የሚሰጠው መልስ ላይ ነው።

መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። በሃይላንድ ፈንታ ጆግ፣ በወረቀት ፈንታ በስልክ የሚከፈት ፕሮግራም፣ ከመድረኩ በላይ «አረንጓዴ ጉባኤ» የሚል ባነር። ባነሩ ራሱ ፕላስቲክ ነው። ክፋት የለውም። ለምሳ ከክትፎ ይልቅ በየዓይነቱ ቢቀርብ ከወረቀቱ ሁሉ የበለጠ ይቆጥባል፤ የጾም ወጥ የሚያውቅ ባለሙያ በሞላበት ከተማ ይህ ምንም ወጪ የለውም። የአዳራሹ መብራትም ብዙ አያሳስብም፣ ኃይላችን በአብዛኛው ከውኃ ነው። ጄኔሬተር ካልተነሳ ማለቴ ነው።

ትልቁ ሒሳብ ያለው በረራው ላይ ነው። የአሜሪካ ጂኦፊዚክስ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2019 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ 28 ሺህ ያህል ሰው ሰብስቦ ነበር። በዓመቱ ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ ስሌት የተሳታፊዎቹን ጉዞ 80 ሺህ ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ገደማ አድርሶታል፤ ለአንድ ሰው ሦስት ቶን ያህል ማለት ነው። አንድ ኢትዮጵያዊ በዓመት ከሚያቃጥለው ነዳጅ የሚወጣው ሩብ ቶን እንኳ አይሞላም። ከሳን ፍራንሲስኮው ልቀት ሦስት አራተኛው ደግሞ ከ8 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ የበረሩት 36 በመቶ ተሳታፊዎች ድርሻ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው፣ ኢኮኖሚ የተማረውም ጭምር፣ ይሳሳታል። «እኔ ብቀርም አውሮፕላኑ እንደሆነ መብረሩ አይቀርም፤ መቀመጫዬ ባዶ ይሄዳል እንጂ ነዳጁ ያው ነው» ይባላል። ለዛሬ ማታው በረራ እውነት ነው። አየር መንገድ ግን የሚያቅደው ለዛሬ ማታ አይደለም። በየወቅቱና በየመስመሩ የተሸጠውን ትኬት አይቶ በሳምንት አምስት ጊዜ ልብረር ወይስ ሰባት፣ ትንሹን አውሮፕላን ልመድብ ወይስ ትልቁን እያለ ይወስናል። ሰልፉ ሲረዝም ተራ አስከባሪው ተጨማሪ ሚኒባስ እንደሚጠራው ነው፤ ሚኒባሱን ያስጠራው ከሰልፈኛው የትኛው እንደሆነ ማንም ሊነግራችሁ አይችልም።

አንድ አውሮፕላን 300 መቀመጫ አለው እንበል። 299 ሰው ቢቀር ምንም ላይለወጥ ይችላል፤ ሦስት መቶኛው ሲቀር ግን አንድ ሙሉ በረራ ከፕሮግራም ይወጣል። ሦስት መቶኛው ማን እንደሆነ ስለማይታወቅ እያንዳንዱ መንገደኛ ከ300 አንድ ጊዜ ሙሉ በረራ የማስነሳት ዕድል አለው። ይህን ዕድል በአንድ በረራ ነዳጅ ብታባዙት የምታገኙት የአንድ መቀመጫ ድርሻ ነው። ትኬት የቆረጠ ሁሉ፣ በአማካይ፣ የራሱን ነዳጅ ያስነድዳል ማለት ነው። እርግጥ አንድ ለአንድ አይሆንም፤ ጉባኤተኛው ሲቀር ዋጋው ትንሽ ይወርድና መቀመጫውን ከፊል ጊዜ ሌላ ሰው ይገዛዋል። ግን «ምንም አይለወጥም» ከሚለው በጣም ይርቃል። ቢዝነስ ክላስ የተቀመጠው ደግሞ የያዘው ቦታ ሰፊ ስለሆነ በረጅም መንገድ የሦስት ሰው ያህል ይታሰብበታል። በየጉባኤው ስለ ድሀው ገበሬ ረጅም ንግግር የሚያደርጉት አብዛኛውን ጊዜ ከዚያኛው ክፍል የወረዱት ናቸው።

የጉባኤ ሪፖርት ሲወጣ የበረራውን ልቀት ፈልጋችሁ ላታገኙት ትችላላችሁ። ለዓለም አቀፍ በረራ ከተቀዳ ነዳጅ የሚወጣ ልቀት በየትኛውም አገር ጠቅላላ ድምር ውስጥ አይገባም፤ ለብቻው ተመዝግቦ ከድምሩ ውጭ ይቀመጣል። አስተናጋጅ አገር የአዳራሹን መብራትና የኤሌክትሪክ አውቶቡሱን ቆጥሮ «ንጹህ ጉባኤ አካሄድን» ቢል አልዋሸም። እኔ ከውሸት ይልቅ የምፈራው እንዲህ ያለውን እውነት ነው። የግላስጎው የአየር ንብረት ጉባኤ ግምት እ.ኤ.አ. በ2021 በረራውን አካትቶ ሲወጣ ከ100 ሺህ ቶን አልፎ ነበር፤ 60 በመቶ ያህሉ ዓለም አቀፍ በረራ ነው። ግምቱ ባያስደስትም ቢያንስ ተቆጥሯል። ከኮፕ 32 አዘጋጆችም የምጠብቀው ይህንኑ ነው፤ የበረራ ልቀት፣ ከነመቀመጫው ደረጃ።

አንባቢዎቼ የሚሰለቹብኝ አንድ እምነት አለኝ፦ ያልከፈለ አይቆጥብም። ለጉባኤ የሚጓዘው ሰው ትኬቱን መሥሪያ ቤቱ ወይም ለጋሹ ይገዛለታል፤ በዚያ ላይ የውሎ አበል ይከፈለዋል። ዋጋው ዜሮ ቢሆን እንኳ አንድ ነገር ነው፤ እዚህ ግን ከዜሮ በታች ነው። ተሳታፊው ሲሄድ ይከፈለዋል፣ ቢሮው ቁጭ ብሎ በኢንተርኔት ሲሳተፍ ደግሞ ምንም። ይህን ለማየት ውጭ አገር መሄድ አያስፈልግም። ቢሮውም ሠራተኛውም አዲስ አበባ የሆነ ድርጅት ወርክሾፑን አዳማ ወይም ቢሾፍቱ የሚያደርገው ለምንድን ነው? አየሩ ጥሩ ነው ይላሉ። አበሉ የሚታሰበው ከሥራ ቦታ ርቀው ሲያድሩ ስለሆነ ነው። መኪኖቹ በፍጥነት መንገዱ ተከታትለው ይወርዳሉ፣ እዚያ ደርሰው ስለ አካባቢ ጥበቃ ፓወር ፖይንት ያያሉ። አበልን ከርቀት ብትነጥሉትና በርቀት የተሳተፈውም የተወሰነ ክፍያ ቢያገኝ የአዳማው ጉዞ ምን ያህል እንደሚቀንስ ማየት ነው።

ይህ ሲባል ጉባኤ ሁሉ ይቅር ማለት አይደለም። ከምዕራብ አፍሪካ ወደ ሌላ የአፍሪካ ከተማ ለመድረስ በፓሪስ የሚዞር ሰው ባለበት አህጉር፣ ብዙ ቀጥታ በረራ ያላት አዲስ አበባ ለአፍሪካውያን ስብሰባ ከአውሮፓ ከተማ ትሻላለች። ለዓለም ስብሰባ ግን ከአንድ ትልቅ አዳራሽ በየአህጉሩ የተከፋፈሉና በስክሪን የተገናኙ ማዕከላት ያዋጣሉ።

እንዲህ ሲሆን የሚጎዳው ይታወቃል። ሆቴሉ አዳር ያጣል፣ አየር መንገዱ መንገደኛ ያጣል፣ ብሔራዊ ባንክ ዶላር ያጣል። ቱሪዝም የሚለካው በመጣው እንግዳ ብዛት ስለሆነ ሪፖርት አቅራቢውም ያጣል። ቤሌም ጉባኤውን ስታስተናግድ አልጋ አጥሯት ሁለት የመዝናኛ መርከቦች ወደብ ላይ አቁማ እንግዳ አሳድራለች፤ እኛ መርከብ የምናቆምበት ውኃ የለንም፣ ስለዚህ እንገነባለን። ለእያንዳንዱ ልዑክ የቁጥር ጣሪያ የሚወጣ ከሆነ ግንባታው ሳይጀመር አሁን ነው። አልጋው ከተሠራ በኋላ «ብዙ አትምጡ» የሚል ሹም መኖሩን እጠራጠራለሁ።