ካይሮ ለ90 ደቂቃ፣ እስክንድርያ ለሁለት ቀን

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን ደጋፊ «በሜዳችን» የሚባለውን ጨዋታ ለማየት ፓስፖርት ሲያስፈልገው ኖሯል! ካፍ የባህር ዳርን ስታዲየም በ2021 ካገደ ወዲህ (እዚህ የተጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዋልያዎቹ ለ«ሜዳቸው» ጨዋታ ሊሎንግዌ፣ ማፑቶ፣ ኪንሻሳ እያሉ ሲዞሩ ከርመዋል። ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ አስቆጥረው ግብፅን 2 ለ 0 የረቱበት የሰኔ 2022 ድል እንኳ የተገኘው ማላዊ ላይ ነው። ለ2026ቱ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ከፈርዖኖቹ ጋር ሲገናኙ ደግሞ በመጋቢት 2025 «አስተናጋጇ» ኢትዮጵያ የተጫወተችው ካዛብላንካ ላይ ሲሆን 2 ለ 0 ተሸንፋለች። በዚያው ዓመት መስከረም መግቢያ የመልሱ ጨዋታ ካይሮ ላይ ተደርጎ ውጤቱ አልተለወጠም፤ ሳላህና ማርሙሽ በፍፁም ቅጣት ምት አንድ አንድ አስቆጥረዋል።

ታዲያ ቡድኑን ተከትሎ መውጣት ካልቀረ ካይሮ ቅርብ ናት። ከቦሌ የሚነሳው ቀጥታ በረራ አራት ሰዓት ቢፈጅ ነው። ችግሩ ብዙው ደጋፊ የሚያቅደው ጉዞ ከአየር ማረፊያ ወደ ሆቴል፣ ከሆቴል ወደ ስታዲየም፣ ከስታዲየም ደግሞ ወደ አየር ማረፊያ መሆኑ ነው። ያን ያህል ገንዘብ አውጥቶ፣ ያን ያህል ቪዛ ጠብቆ፣ ምናልባትም ተሸንፎ መመለስ! ሁለት ቀን የጨመረ ሰው ግን በባቡር ሽቅብ ወደ ሰሜን ተጉዞ ሜዲትራንያን ዳር ይደርሳል። እስክንድርያ ለእግር ኳስ ሰው ከካይሮ የማታንስ ከተማ ናት።

የእኛና የእስክንድርያ ነገር የሚጀምረው ደግሞ በሽንፈት ነው። በ1957 የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ካርቱም ላይ ሲካሄድ ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ሳቢያ ከውድድሩ በመውጣቷ ኢትዮጵያ አንድም ጨዋታ ሳታደርግ ለፍጻሜ ደረሰች። በፍጻሜው ግብፅ 4 ለ 0 አሸነፈች። አራቱንም ግብ ያስቆጠረው አንድ ሰው ነው፤ ሙሐመድ ዲያብ ኤል አታር፣ በቅጽል ስሙ ኤል ዲባ። የእስክንድርያ ልጅ፣ የከተማዋ ክለብ የአል ኢትሐድ አጥቂ ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ እነ ሉቺያኖ ቫሳሎ፣ ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አዲስ አበባ ላይ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ረትተው ዋንጫውን ሲያስቀሩ ሂሳቡ ተወራርዷል። ኤል ዲባ ግን በዚህ አላበቃም። በ1968 አዲስ አበባ የአፍሪካ ዋንጫን ስታዘጋጅ የኮንጎ ኪንሻሳንና የጋናን የፍጻሜ ጨዋታ በዋና ዳኝነት የመራው እሱ ራሱ ነው! ያን ዕለት ስታዲየም ከገባው ሰው መካከል የካርቱሞቹን አራት ግቦች ያልረሳ አይጠፋም። ሰውየው በ2016 ነው ያረፈው።

የእሱ ክለብ አል ኢትሐድ በ1914 የተመሠረተ፣ አረንጓዴና ነጭ የሚለብስ፣ በአገሬው ዘንድ «ሰይድ ኤል ባላድ» (የአገሩ ጌታ እንደማለት) እየተባለ የሚጠራ ነው። የእኛው ኡመድ ኡኩሪም ይህን ማሊያ ለብሶ ተጫውቷል። ክለቡ የሚጫወትበት የእስክንድርያ ስታዲየም በ1929 የተከፈተ ሲሆን በአፍሪካ አንጋፋ ከሚባሉት ሜዳዎች አንዱ ነው። ግቢው ውስጥ የጥንቱ የከተማ ግንብ ቅሪት አለ። በ2019 የአፍሪካ ዋንጫ ማዳጋስካር፣ ያውም ለመጀመሪያ ጊዜ ተሳትፋ፣ ናይጄሪያን 2 ለ 0 ጉድ የሠራችው እዚህ ሜዳ ላይ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ በምዕራብ በኩል ደግሞ ከ80 ሺህ በላይ ተመልካች የሚይዘው ቦርግ ኤል አረብ አለ። በጥቅምት 2017 ሳላህ ኮንጎ ላይ በባከነ ሰዓት በፍፁም ቅጣት ምት አስቆጥሮ ግብፅን ከ1990 በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ዓለም ዋንጫ የላካት እዚያ ነው። ጨዋታ ከሌለ ግን ቦርግ ኤል አረብ ድረስ መንከራተት አያስፈልግም፤ በረሃ ላይ የቆመ ሲሚንቶ ነው።

ከሰሜን ሸዋ ለሚነሳ ደጋፊ፣ በተለይም ለመርሐቤቴ ሰው፣ እስክንድርያ ከኳስም ያለፈ ትርጉም አላት። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ጳጳሶቿን ከእስክንድርያ መንበር ስታስመጣ ለብዙ መቶ ዓመታት ኖራለች። በ1959 ካይሮ ላይ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፓትርያርክ ሆነው የተሾሙት አቡነ ባስልዮስ የመርሐቤቴ ተወላጅ ናቸው። በከተማዋ የሚገኘውን የቅዱስ ማርቆስ ካቴድራል ሳያዩ ዓለም ከተማ ቢመለሱ ጠያቂው ብዙ ነው!

እንግዲህ ወደ ዝግጅቱ። ለግብፅ ቪዛ የሚጠየቀው አዲስ አበባ በሚገኘው ኤምባሲ አስቀድሞ ነው፤ የጨዋታው ቀን ከታወቀ በኋላ እሮጣለሁ ማለት አያዋጣም። ፓስፖርቱ ቢያንስ ስድስት ወር ሊቀረው ይገባል። ቢጫ ወባ የተከተቡበት ካርድም ከፓስፖርቱ ጋር መቀመጥ አለበት። ከመሐል ሜዳ፣ ከራቤልም ሆነ ከዓለም ከተማ የሚመጣ ሰው ደግሞ አዲስ አበባ ለመግባት ራሱን የቻለ የቀናት ትርፍ መያዝ ይኖርበታል። በክልሉ ግጭት ከተነሳበት ከ2023 ወዲህ መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት ስለቆየ ትኬት ቆርጦ መንገድ ላይ መቅረት ይመጣል።

የስታዲየም ትኬት ነገር እንደኛ አገር በር ላይ ተጋፍቶ የሚገዛ አይደለም። በየካቲት 2012 ፖርት ሰይድ ላይ ከአል መስሪና ከአል አህሊ ጨዋታ በኋላ 74 ሰዎች ሞተዋል። ከዚያ ወዲህ ግብፅ ተመልካች ወደ ሜዳ የምታስገባው በቁጥርና በፍተሻ ነው። ትኬቱ «ታዝካርቲ» በሚባለው የኢንተርኔት ሥርዓት፣ በደጋፊ መታወቂያ ይሸጣል። ለብሔራዊ ቡድን ጨዋታ የሚሄድ ሰው ስለ እንግዳ ደጋፊ መቀመጫ ፌዴሬሽኑን አስቀድሞ ቢጠይቅ ይሻለዋል። ለአል ኢትሐድ ወይም ለሌላው የከተማዋ ክለብ ለስሙሃ ጨዋታ የሚሄድ ደግሞ የሊጉ ፕሮግራም በየጊዜው እንደሚገለባበጥ አውቆ፣ ሆቴሉን ሊሰረዝ በሚችል መልኩ ይያዝ።

ሰዓትም ያሳስታል። ትኬት ላይ 20:00 ማለት በእኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ ግብፅ በበጋዋ ሰዓቷን ስለምታስቀድም ያኔ ከአዲስ አበባ ጋር እኩል ትሆናለች፤ በክረምታቸው ግን አንድ ሰዓት ወደኋላ ትቀራለች። ጨዋታ በዚህ ያመለጠው ሰው ማንን ይከሳል?

ባቡሩ ካይሮ ከሚገኘው ራምሲስ ጣቢያ ተነስቶ በሁለት ሰዓት ተኩልና በሦስት ሰዓት መካከል እስክንድርያ ይገባል። ሲዲ ጋብር ላይ መውረድም ይቻላል፤ ስታዲየሙን ማየት የፈለገ ግን የመጨረሻው ምስር ጣቢያ ይቀርበዋል። የመጀመሪያውን ከሰዓት ለስታዲየሙና ለአካባቢው መስጠት ነው። በማግስቱ ጠዋት ባህሩን ተከትሎ በኮርኒሽ መንገድ ወደ ቃይትባይ ምሽግ መሄድ፤ ምሽጉ የተሠራው ከጥንቱ ዓለም ሰባት ድንቆች አንዱ የነበረው የመብራት ማማ በቆመበት ቦታ ነው። በ2002 የተከፈተው ቤተ መጻሕፍት ከውጭም ቢታይ ይበቃል፤ ጊዜ ያለው ይግባ። ሌላውን ሁሉ አያለሁ ያለ እግሩን ከመጨረስ በቀር አያተርፍም።

ምግብ አያስቸግርም። ዓሣ ሞልቷል፤ ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ደግሞ ፉልና ከባቄላ የሚጠበሰውን ታዕሚያ በየመንገዱ ያገኛል። ረመዳን ከሆነ ብዙ ምግብ ቤቶች ቀን ዝግ ናቸው፤ ከተማው የሚነቃው ከማፍጠሪያ በኋላ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያደገ የመንዝ ሰው ብርድ ይነገረው ባይባልም፣ በታኅሣሥና በጥር ከባህሩ የሚነሳው ዝናብ የቀላቀለ ነፋስ ባናም አይመልሰው፤ የዝናብ ካፖርት ይያዝ።

የዋልያዎቹን ማሊያ ለብሶ በከተማ መሄድ ነውር የለውም፤ ስለ ሳላህ ካነሱለት የእስክንድርያ ታክሲ ነጂ ሒሳቡን እስኪረሳ ያወራል። ስለ ዓባይ ግድብ ክርክር ከተነሳ ግን ወሬውን ወደ ኳስ መመለስ ይበጃል። የመስከረም 2025ቱ ጨዋታ የተደረገው ግድቡ ሊመረቅ አራት ቀን ሲቀረው ነበር።

ለመመለሻው በረራ የሚነሳው ከካይሮ ከሆነ የበረራው ዕለት ጠዋት እስክንድርያ መገኘት ቁማር ነው። የመጨረሻዋን ሌሊት ካይሮ ማደር፣ ወይም ቢያንስ በረራው ሰባት ስምንት ሰዓት ሲቀረው ባቡሩ ላይ መውጣት ያስፈልጋል፤ የካይሮ መንገድ ከተጨናነቀ ከራምሲስ እስከ አየር ማረፊያ ያለው ጉዞ ብቻውን ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል።