የፓንዶራ ጋን፦ ስለ ግሪክ አማልክት ተረትና እውነታ

የግሪክ አማልክት ይኖሩበታል የተባለው የኦሊምፐስ ተራራ 2,918 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። ደብረ ማርቆስ የተቆረቆረችው ወደ 2,450 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ልዩነቱ 500 ሜትር እንኳ አይሞላም። የጎጃሙ ጮቄ ተራራ ደግሞ ከ4,000 ሜትር ይበልጣል። የጮቄ እረኛ በጎቹን የሚያሰማራው ከአማልክቱ ዙፋን በላይ ነው ማለት ነው።

ስለነዚህ አማልክት ሁለት ዓይነት ሰው ያጋጥመኛል። አንዱ የባዕድ ተረት ናቸው፣ እኛን አይነኩንም ይላል። ሌላው ሆሜር የጻፈው ስለኛ ነው ብሎ ይኮራል። ሁለቱም የሚያልፉት አንድ ነገር አለ፤ እነዚህ አማልክት በእርግጥ አገራችንን ረግጠዋል፣ ግን ሰው በሚፈልጋቸው በር አልገቡም። ወደዚያ ከመድረሳችን በፊት ስለ ራሳቸው ስለ አማልክቱ የሚባለውን እናጥራ።

“አማልክቱ ዓለምን ፈጠሩ”

አልፈጠሩም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ700 ዓመት አካባቢ የነበረው ባለቅኔ ሄሲዮድ እንደሚተርከው፣ በመጀመሪያ የነበረው ካኦስ የሚባል ባዶ ጥልቅ ነው። ቀጥሎ ምድር ሆነች፤ ምድር ሰማይን ወለደች፤ አማልክቱ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ክሮኖስ አባቱን ሰማይን ጥሎ ነገሠ፤ ልጁ ዜውስ ደግሞ እሱን ጥሎ ነገሠ። ስለዚህ እነዚህ አማልክት አይሞቱም እንጂ መጀመሪያ አላቸው። ለኛ አንባቢ ትልቁ መሰናክል እዚህ ላይ ነው፤ “አምላክ” የሚለውን ቃል ስንሰማ ያልተወለደ፣ ሁሉን የፈጠረ፣ ሁሉን የሚችል እናስባለን። ዜውስ ከሦስቱ አንዱንም አይደለም።

ከድሉ በኋላ ሦስቱ ወንድማማቾች የአባታቸውን ርስት በዕጣ ተካፈሉ። ለዜውስ ሰማይ፣ ለፖሲዶን ባሕር፣ ለሐዴስ ከምድር በታች ያለው ጨለማ ደረሰ፤ ምድርና ኦሊምፐስ የጋራ ሆነው ቀሩ። የርስት ክርክር ላደገበት የጎጃም ሰው ይህን ማስረዳት አያስቸግርም። ሐዴስን ሰይጣን ማድረግም ስሕተት ነው። ድርሻው የሙታን አገር ሆነ እንጂ ፈታኝም አሳሳችም አይደለም፤ ጻድቁም ኃጥኡም ወደሱ ይወርዳል። የግሪኩ አዲስ ኪዳን “ሐዴስ” የሚልበትን ቦታ የኛው “ሲኦል” ስለሚለው ሁለቱ በአእምሯችን ተደባልቀዋል።

“የፓንዶራ ሳጥን”

ጋዜጠኞቻችን ይወዱታል፤ አንድ ጉዳይ ተከፍቶ መዘዙ ሲበዛ “የፓንዶራ ሳጥን ተከፈተ” ይላሉ። ሳጥን ግን አልነበረም። ሄሲዮድ የተጠቀመበት ቃል ፒቶስ ነው፤ ግሪኮች እህል፣ ዘይትና የወይን ጠጅ የሚያኖሩበት፣ አንዳንዴም እስከ አንገቱ ምድር ውስጥ የሚቀበር ትልቅ የሸክላ ዕቃ። ይህን ዕቃ ጎጃም ውስጥ ጠላ የጠመቀ ቤት ሁሉ ያውቀዋል፤ ጋን ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የኔዘርላንዱ ሊቅ ኢራስመስ ታሪኩን በላቲን ሲጽፍ ፒቶሱን ትንሽ የክዳን ዕቃ አደረገው። አውሮፓ ከሱ ወሰደ፤ እኛም ከአውሮፓ ወሰድን።

ልዩነቱ ተራ የቃላት ጉዳይ አይመስለኝም። ሳጥን የምስጢር ዕቃ ነው፤ የከፈተው ሰው የሰው ምስጢር ጎርጓሪ ይመስላል። ጋን የጓዳ ዕቃ ነው፤ የቤቱ ስንቅ፣ የዓመቱ ሲሳይ የሚቀመጥበት። ፕሮሜቴዎስ እሳትን ሰርቆ ለሰው ስለሰጠ ዜውስ ተቆጥቶ የመጀመሪያዋን ሴት፣ ፓንዶራን፣ ላከ። እሷም ጋኑን ስትከፍት በሽታና መከራ ወጥተው ዓለምን ሞሉ። ስትከድነው ከአፉ ሥር አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ ተስፋ። በሄሲዮድ አተራረክ መከራው የገባው ስንቅ በሚጠበቅበት ቦታ፣ በጓዳ በኩል ነው። አማርኛ ትክክለኛው ቃል በእጁ እያለ የኢራስመስን ስሕተት መድገሙ ይቆጨኛል።

“ሆሜር የጻፈው ስለኛ ነው”

በሆሜር ቅኔ በኢሊያድ መጀመሪያ ላይ ዜውስ ከሌሎቹ አማልክት ጋር ነቀፋ ወደሌለባቸው ኢትዮጵያውያን ዘንድ ለግብዣ ሄዶ 12 ቀን ይቆያል። በኦዲሴ ደግሞ ፖሲዶን እዚያው ነው። ይህ እውነት ነው፤ ተጽፏል። ነገር ግን “አይቲዮፕስ” በግሪክ ፊቱ በፀሐይ የተቃጠለ ማለት ነው፤ ሆሜርም እነዚህን ሰዎች ለሁለት ከፍሎ አንዱን ወገን በፀሐይ መውጫ፣ ሌላውን በፀሐይ መግቢያ፣ በዓለም ዳርቻ ያኖራቸዋል። ካርታ ላይ የሚቀመጥ አገር አይደለም። ከሱ በኋላ የመጣው የታሪክ ጸሐፊው ሄሮዶቱስ ኢትዮጵያ ሲል ዋና ከተማዋን ሜሮዌ ይላል፤ ሜሮዌ ዛሬ ሱዳን ውስጥ ናት።

ኢትዮጵያዊቷ ልዕልት አንድሮሜዳም እንዲሁ ናት። እናቷ ካሲዮፕያ ከባሕር ቆነጃጅት እንበልጣለን ብላ በመታበይዋ ፖሲዶን የባሕር አውሬ ላከ፤ አባቷ ንጉሥ ኬፌውስ ልጁን ከዓለት ጋር አሰራት፤ ጀግናው ፐርሴዎስ ደርሶ አዳናት። ከጥንት ጸሐፍት አንዳንዶቹ ዓለቱን ኢዮጴ፣ በፍልስጤም ጠረፍ፣ ያደርጉታል። የሮማው ኦቪድ መልኳን ጠይም ሲል፣ እንደ ቲሲያን ያሉ የአውሮፓ ሠዓሊዎች ነጭ አድርገው ሣሏት። በሥዕሉ መቆጣት ተገቢ ነው፤ ልዕልቷን የጎንደር ወይም የላስታ ማድረግ ግን ሌላ ተረት መጨመር ነው።

“እንግዲያውስ ከኛ ጋር አይገናኙም”

ይህም ስሕተት ነው፤ እኔን የሚያስደንቀኝም ይኸኛው ነው። በ6ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ካሌብ ዘመን፣ ኮስማስ የተባለ ነጋዴ አዱሊስ ወደብ ላይ ከቆመ የድንጋይ ዙፋን የግሪክኛ ጽሑፍ ገለበጠ። ጽሑፉን ያስቀረጸው ስሙ ያልተገኘ የአክሱም ንጉሥ ነው። ከዘመቻው ተመልሶ በባሕር ለሚጓዙት ሲል ለዜውስ፣ ለአሬስና ለፖሲዶን መሥዋዕት እንዳቀረበ ይናገራል፤ አሬስንም ወላጄ ይለዋል። የ4ኛው ክፍለ ዘመን ንጉሥ ዒዛናም ክርስትናን ከመቀበሉ በፊት ባስጻፈው ድንጋይ ላይ በግሪክኛው የአሬስ ልጅ፣ በግዕዙ ግን የማሕረም ልጅ ነው። ማሕረም የአክሱም የጦር አምላክ ነበር፤ ጸሐፊው ለግሪክ አንባቢ ተረጎመው። እዚያው ድንጋይ ላይ ግዕዙ “ሐበሠት” ያለውን ግሪክኛው “ኢትዮጵያ” ይለዋል። ሆሜር በዓለም ዳርቻ የተወው ስም በኛ አገር ላይ ያረፈው በአክሱም ጸሐፊ እጅ ነው።

ወደ ጎጃም ስንመጣ ደግሞ ዓባይ አለ። ሄሲዮድ የውቅያኖስን ልጆች ሲዘረዝር ከወንዞች ሁሉ አስቀድሞ የሚጠራው ኔይሎስን ነው፤ ዓባይ ለግሪኮች አምላክ ነበር ማለት ነው። ሄሮዶቱስ ይህ ወንዝ ሌሎች ወንዞች በሚጎድሉበት በበጋቸው ለምን እንደሚሞላ ጠይቆ ትክክለኛውን መልስ ሳያገኝ ሞተ። መልሱ በጮቄና በሰከላ ላይ የሚወርደው የኛ ክረምት ነበር። ፔድሮ ፓኤዝ በ1618፣ ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ግሽ ዓባይ ሲደርሱ የአካባቢው አገው ለዓባይ ምንጭ መሥዋዕት ያቀርብ እንደነበር ጽፈዋል። አገዎቹ ይህን ከግሪክ አልተማሩትም፤ ምንጩን ያየ ሰው ሁሉ የሚያድርበት አክብሮት ነው።

አማልክቱ በመጻሕፍትም ገብተዋል። ግሪክኛውም ዐረብኛውም ጠፍቶ በግዕዝ ብቻ የተረፈው የዮሐንስ ዘንቂዩስ ዜና መዋዕል ክሮኖስንና ዜውስን የጥንት ነገሥታት አድርጎ ይተርካቸዋል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 14 የልስጥራን ሰዎች በርናባስን “ድያ”፣ ጳውሎስን “ሄርሜን” ይሏቸዋል። ድያ ማን እንደሆነ ስንቱ አንባቢ ጠይቆ ይሆን? ዜውስ ነው። በግሪክኛ ስሙ ተሳቢ ሲሆን “ዲያ” ይሆናል፤ ሄርሜስም “ሄርሜን”። ተርጓሚው ስሞቹን በተሳቢነታቸው እንዳሉ አስቀራቸው። በዲማ ወይም በዋሸራ ቅኔ የተማረ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር በአንድ እይታ ይለየዋል።

ከተረቶቹ አንዱ ደግሞ ሰማይ ላይ ይታያል፤ ኅዳር ሲገባ፣ ደመናው ሲጠራ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ደብረ ማርቆስ ላይ ሆኖ ፊትን ወደ ሰሜን ማዞር ነው። የተገለበጠ ንጉሡ ሠ የሚመስሉ አምስት ደማቅ ኮከቦች ይታያሉ፤ የአንድሮሜዳ እናት ካሲዮፕያ ናት። በትዕቢቷ ምክንያት በሰማይ እንድትዞር ተፈርዶባታል ይባላል፤ በዛሬው የግሪክ ሰማይም በእርግጥ አትጠልቅም። ከኛ ሰማይ ግን በየቀኑ ለብዙ ሰዓት ከአድማስ በታች ትወርዳለች።