የሥራ ቪዛ ምንድን ነው? ጠያቂውስ ማነው?

በዓመቱ አጋማሽ የክፍል ወንበሮች ለምን እንደሚጎድሉ ለመምህራን መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ተማሪዋ «ቪዛ ወጣልኝ» ብላ ትሰናበታለች። የወጣላት ቪዛ ምን ዓይነት እንደሆነ ግን ብዙ ጊዜ እርሷም ቤተ ሰቧም አያውቁም። ስለዚህ ወደ ሳዑዲ ዐረቢያና ወደ ጎረቤቶቿ የሚያስገባው የሥራ ቪዛ እንዴት እንደሚገኝ በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት እንሞክራለን።

ቪዛ ማለት አንድ መንግሥት የውጭ ዜጋ ወደ አገሩ እንዲገባ የሚሰጠው ፈቃድ ነው። የጉብኝት፣ የዑምራ፣ የትምህርት፣ የሥራ እየተባለ ይለያያል። በዑምራ ወይም በጉብኝት ቪዛ የገባ ሰው ሥራ ቢይዝ ሕግ ተላላፊ ነው፤ ደመወዙን ቢከለከልም ለመክሰስ ይቸገራል። ደላላው «ገብተሽ ይስተካከላል» የሚለው ይህንኑ ነው።

የሥራ ቪዛን በመጀመሪያ የሚጠይቀው ሠራተኛዋ ሳትሆን አሠሪው ነው። አሠሪው ከመንግሥቱ ፈቃድ ካገኘ በኋላ ጉዳዩ ወደ አገራችን ኤጀንሲ ይተላለፋል፤ ውሉ በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር በኩል ይጸድቃል። ቪዛው በአሠሪው ስም የታሰረ ነው። ይህ አሠራር በዐረብኛ «ካፋላ» ሲባል፣ ዋስ የሆነው አሠሪ ደግሞ «ከፊል» ይባላል። (በእኛ ቋንቋ ከፊል ማለት እኩሌታ ነው፤ በዚያ ግን የሠራተኛዋ ኑሮ በሙሉ በእጁ ነው።) ኳታር ከጥር 2012 ዓ.ም. ጀምሮ የቤት ሠራተኞች ያለ አሠሪ ፈቃድ ከአገር እንዲወጡ ፈቅዳለች፤ ሆኖም ከ72 ሰዓት በፊት ማሳወቅ አለባቸው። ሳዑዲ ዐረቢያ በመጋቢት 2013 ዓ.ም. ያደረገችው ማሻሻያ ግን የቤት ሠራተኞችን አላካተተም።

ወጪውን በሚመለከት የውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ግልጽ ነው። የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትኬት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ እንዲሁም የመድን ወጪ የአሠሪው ነው። ሠራተኛዋ የምትከፍለው ለፓስፖርት፣ ለሕክምና ምርመራ፣ ለክትባት፣ ለልደት ምስክር ወረቀት፣ ለሙያ ብቃት ማረጋገጫና ለመሳሰሉት ነው። እንግዲህ «የቪዛ» ተብሎ አባት በሬ ሸጦ የሚከፍለው ገንዘብ ከየት የመጣ ሕግ ነው?

መምህራንን በቀጥታ የሚመለከተው የዕድሜ ጉዳይ ነው። ከ18 ዓመት በታች የሆነን ሰው ለሥራ ወደ ውጭ መላክ ክልክል ነው። ስለዚህ ደላላው ዕድሜ ይጨምራል። ከዚህም ሌላ ያለ ተንኮል የሚደርስ ስሕተት አለ። የልደት ዘመን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሲለወጥ ብዙዎች በደፈናው 8 ይደምራሉ። ነገር ግን ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ የሚደመረው 7 ነው፤ 8 የሚሆነው ከዚያ በኋላ ነው። ኅዳር 10 ቀን 2000 ዓ.ም. የተወለደች ልጅ በፈረንጅ ኖቬምበር 20 ቀን 2007፣ ጥር 10 የተወለደችው ጃንዋሪ 19 ቀን 2008 ትሆናለች። በልደት ምስክር ወረቀቷና በፓስፖርቷ ላይ የአንድ ዓመት ልዩነት ከታየ ጉዳዩ ይጓተታል። የስም አጻጻፍም እንዲሁ ነው፤ የአባትና የአያት ስም በላቲን ፊደል በየወረቀቱ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ይህን በሒሳብና በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ማለማመድ ይቻላል፤ በእኛ አስተያየት ከብዙ የመማሪያ መጽሐፍ መልመጃ ይልቅ ይጠቅማል።

ውሉ የሚፈረመው ተነብቦ ነው። ደመወዙ በማን ገንዘብ እንደሆነ፣ የዕረፍት ቀን መኖሩን፣ ዘመኑ ስንት ዓመት እንደሆነ፣ የአሠሪው ስም በቪዛው ላይ ካለው ጋር መግጠሙን ተማሪዋ በጣቷ እያመለከተች ልትናገር ይገባል።

ቪዛው የሚያስገባ እንጂ የሚያኖር አይደለም። ሳዑዲ ከደረሰች በኋላ አሠሪው በ90 ቀን ውስጥ «ኢቃማ» የሚባለውን የመኖሪያ ፈቃድ ሊያወጣላት ግዴታ አለበት። ያለ ኢቃማ የተገኘ ሰው ይታሰራል፣ ይባረራል። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ የተመለሱት አብዛኞቹ ሕጋዊ ወረቀት ስላልነበራቸው ነው። ፓስፖርቷን አሠሪው ሊይዝባት ስለሚችል፣ የፓስፖርቱ፣ የቪዛውና የውሉ ግልባጭ ከመሄዷ በፊት በቤተ ሰቧ እጅ ይቅር። በሪያድ ያለው ኤምባሲ ወይም በጅዳ ያለው ቆንስላ ሲጠየቅ አሠሪዋን ፈልጎ ለማግኘት የሚረዳው ያ ወረቀት ነው።