ሐኪሙ ያልፈለገው ግኝት

እ.ኤ.አ. በ1735 ለንደን በሚገኘው የቅዱስ ጊዮርጊስ ሆስፒታል ክላውዲየስ አሚያንድ የተባሉ ቀዶ ሐኪም የአንድን የ11 ዓመት ልጅ ቡአ ለመጠገን ብሽሽቱን ከፈቱ። በቡአው ከረጢት ውስጥ ግን ያልጠበቁትን አገኙ፤ እስፒል የበሳው ትርፍ አንጀት ነበር። የቀዶ ሕክምና ማደንዘዣ ባልነበረበት በዚያ ዘመን ትርፍ አንጀቱን ቆርጠው አወጡ፤ ልጁም ዳነ። በጽሑፍ ተመዝግቦ የምናገኘው የመጀመሪያው የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ይህ ነው።

አሚያንድ ቡአ ፈልገው ትርፍ አንጀት አገኙ። ዛሬ ደግሞ በተቃራኒው፣ ትርፍ አንጀት ተቆጥቷል ተብሎ ሆድ ሲከፈት ሌላ በሽታ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ለመሆኑ ምክንያቱ ምንድን ነው?

ከትርፍ አንጀትና ከትንሹ አንጀት የሚነሡ የሕመም ነርቮች ወደ ኅብለ ሰረሰር የሚገቡት በተቀራራቢ ሥፍራ ነው። ስለዚህ አንጎል ምንጩን ለይቶ ስለማያውቅ ሕመሙ በመጀመሪያ በእምብርት ዙሪያ ይሰማል። ብግነቱ የሆድን ግድግዳ ከውስጥ የሸፈነውን ስስ ሽፋን ሲነካ ሕመሙ ወደ ቀኝ የታችኛው ሆድ ይዛወራል። በዚያው አካባቢ የሚገኝ ሌላ የታመመ አካልም ይህንኑ ስሜት ሊፈጥር ይችላል።

ከእነዚህ አንዱ የሜክል ከረጢት ነው። ይህ ከጽንስ ዘመን የቀረ የትንሹ አንጀት ትርፍ ኪስ ሲሆን፣ ከ100 ሰዎች በ2ቱ ገደማ ይገኛል። በሴቶች ላይ እንቁላል የሚያመነጨው እጢ መጠማዘዝ ወይም ከማኅፀን ውጭ የተፈጠረ እርግዝና መፈንዳት ሊያጋጥም ይችላል። እንደ አገራችን ባሉ ሥፍራዎች የአንጀት ቲቢ፣ በተስቦ የተበሳ አንጀት፣ አልፎ አልፎም ትርፍ አንጀት ውስጥ የገባ ወስፋት ይገኛል።

አልትራሳውንድና ሲቲ ስካን ስሕተቱን ቀንሰውታል እንጂ ጨርሰው አላስቀሩትም። ስለሆነም ቀዶ ሐኪሙ ትርፍ አንጀቱ ጤናማ ሆኖ ሲያገኘው ሆዱን መልሶ ለመስፋት አይቸኩልም። የትንሹን አንጀት መጨረሻ 60 ሳንቲ ሜትርና ከዚያም በላይ ወደ ኋላ እየተከተለ ይመረምራል፤ በሴት ታካሚም ማኅፀንና አካባቢውን ያያል። የሚፈስ ደም ወይም የተበሳ አንጀት ሳይታይ ቢቀር የታካሚው ሕይወት አደጋ ላይ ይወድቃልና።

ፍለጋው በዚህ አያበቃም። ከሚወጡት ትርፍ አንጀቶች ከ100 ከአንድ ባነሱት ውስጥ ካርሲኖይድ የተባለ ዕጢ ይገኛል፤ ብዙውን ጊዜ ዓይን አያየውም፣ ማይክሮስኮፕ ግን ያየዋል። ከ1 ሳንቲ ሜትር ያነሰ ከሆነ ትርፍ አንጀቱን ማውጣቱ ብቻ ብዙውን ጊዜ በቂ ነው፤ ከ2 ሳንቲ ሜትር ከበለጠ ግን ሌላ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ይችላል። የወጣው ትርፍ አንጀት ወደ ፓቶሎጂ ክፍል መላክ የሚገባውም ስለዚህ ነው።