ሊኑክስ ያረጀ አድራሻን እንዴት ይለያል

በሊኑክስ ኮምፒውተር ላይ /ቢሮ/ደብዳቤ/ሪፖርት የሚል ፋይል ሲከፈት የሲስተሙ እምብርት የሆነው ከርነል አድራሻውን ደረጃ በደረጃ ነው የሚከተለው። ከላይኛው ፎልደር ተነስቶ «ቢሮ»ን ይፈልጋል፣ እዚያ ውስጥ «ደብዳቤ»ን፣ ቀጥሎ «ሪፖርት»ን። በየደረጃው ዲስክ ማንበብ ቢኖርበት ማሽኑ ይንቀራፈፍ ነበር። ስለዚህ አንዴ ያገኘውን ስም ሚሞሪ ላይ ያስቀምጠዋል። መዝገቡ ዲካሽ ይባላል፣ እያንዳንዱ መስመር ደግሞ ዴንትሪ። ስሙ በአማርኛ ቢጻፍም ለከርነሉ ያው ባይት ነው። ብቻ አብዛኞቹ ፋይል ሲስተሞች ለአንድ ስም የሚፈቅዱት 255 ባይት ሲሆን እያንዳንዱ ፊደላችን በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ስለሚወስድ፣ ከ85 ፊደል በላይ አንሄድም።

መዝገቡ የሌለውንም ነገር ይይዛል። ፕሮግራሞች የሚፈልጉትን ላይብረሪ እስኪያገኙ በየፎልደሩ እየዞሩ የሌለ ፋይል ይጠይቃሉ። ከርነሉም «የለም» የሚለውን መልስ መዝግቦ በሚቀጥለው ጊዜ ዲስክ ሳይነካ ይመልሳል። ኔጋቲቭ ዴንትሪ የሚባለው ይህ ነው፤ ሲያረጅም ከሁሉ የባሰ አሳሳች እሱ ይመስለኛል።

ፋይሎቹ በኮምፒውተሩ በራሱ ዲስክ ላይ እስካሉ ድረስ ስጋት የለም። የሚሰረዘውም ስሙ የሚቀየረውም በከርነሉ በኩል ስለሆነ መዝገቡ አብሮ ይታረማል። ጣጣው የሚመጣው ፋይሎቹ በሰርቨር ላይ ሲቀመጡ፣ ለምሳሌ ሰን ማይክሮሲስተምስ እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጣው ኤንኤፍኤስ በሚባል የኔትወርክ ፋይል ሲስተም ሲጋሩ ነው። ሁለት ባልደረቦች አንድ የጋራ ፎልደር አላቸው እንበል። የመጀመሪያዋ «ሪፖርት»ን ፈልጋ አጣችው፤ ኮምፒውተሯም «የለም» ብሎ መዘገበ። ወዲያው ባልደረባዋ ከራሱ ማሽን ፋይሉን አስቀመጠ። የእሷ ከርነል ግን ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ኤንኤፍኤስ ስለ አንድ ፎልደር የያዘውን መረጃ፣ ቅንብሩ ካልተቀየረ በቀር፣ ቢያንስ ለ30 ሰከንድ፣ ቢበዛ ለ60 ሰከንድ ያምነዋል፤ እስከዚያ ድረስ እሷ የምታገኘው መልስ ያው «የለም» ነው።

ሊኑክስ ለዚህ ያበጀው መፍትሔ መዝገቡን የማመኑን ውሳኔ ለፋይል ሲስተሙ መተው ነው። ከርነሉ መስመሩን ከመጠቀሙ በፊት ዲ-ሪቫሊዴት በሚባል ፈንክሽን «ይህ ዛሬም ልክ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። የኔትወርክ ፋይል ሲስተም ይህን ፈንክሽን ያቀርባል፤ ተራ የዲስክ ፋይል ሲስተም ግን ብዙውን ጊዜ ስለማያስፈልገው ይተወዋል።

እኔን የሚያስደንቀኝ የጥያቄው ቅደም ተከተል ነው። ከርነሉ ፋይል ሲከፍት መጀመሪያ በፈጣኑ መንገድ ይሞክራል፤ ምንም ሳይቆልፍ በመዝገቡ ላይ ያልፋል። ይህ መንገድ የኒክ ፒጊን ሥራ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2011 ከሊኑክስ 2.6.38 ጋር ወጣ። በዚህ ፍጥነት እየሄደ ግን ቆሞ የሰርቨር መልስ መጠበቅ አይችልም። ማረጋገጥ ግድ ከሆነ ሩጫውን ትቶ በዝግታው መንገድ ይሄዳል። በዚያም «የያዝከው አሮጌ ነው» የሚል መልስ ከመጣ ለሦስተኛ ጊዜ ከላይ ይጀምራል፤ አሁን በመዝገቡ ያለውን ሁሉ እንዲያጣራ ታዝዞ። ይህም ካልሰራ ብቻ ነው ተጠቃሚው ስህተት ቁጥር 116ን የሚያየው።

ብዙ ባለሙያ እንዲህ ሲያጋጥመው ካሹን በሙሉ ያራግፋል። ይህ የሚያወጣው በሥራ ላይ ያልሆኑትን መስመሮች ነው፣ ማሽኑንም ለጊዜው ያዘገያል። ችግሩ «የለም» የሚለው መልስ ከሆነ፣ ሉክአፕካሽ የሚባለውን የኤንኤፍኤስ ምርጫ «ፖዚቲቭ» ማድረግ የተሻለ ነው፤ ያን ጊዜ ከርነሉ የተገኙ ስሞችን እያመነ፣ ስላልተገኙት ግን በተፈለጉ ቁጥር ሰርቨሩን ይጠይቃል።

አሮጌ የተባለ መስመር ወዲያው አይጠፋም። ሌላ ፕሮግራም ይዞት ሊሆን ስለሚችል ከርነሉ ከመፈለጊያው ሰንጠረዥ ያወጣውና የያዘው እስኪለቀው ይጠብቃል። በራስ ማሽን ላይም ይህን ማየት ይቻላል። አንድ ተርሚናል ፎልደር ውስጥ ገብቶ እያለ ከሌላ ተርሚናል ፎልደሩን ይሰርዙት። የመጀመሪያው ተርሚናል እዚያው እንዳለ ነው፤ ዝርዝር ሲጠየቅ ባዶ ያሳያል፣ አዲስ ፋይል መፍጠር ግን አይችልም። በዚያው ስም ሌላ ፎልደር ቢሠራ እንኳ አይታየውም፤ ወጥቶ በስሙ እንደገና መግባት አለበት።