ያልመጣውን ምስክር ስለ መፈለግ

ሰው ችግር ባጋጠመው ጊዜ አስቀድሞ የሚሄደው በለመደው መንገድ ነው። መንገዱ አልከፈት ቢለውም ኃይሉን ይጨምራል እንጂ ሌላ በር መኖሩን አይመረምርም። ነገር ግን ብዙ ጊዜ መለወጥ የሚገባው ጥያቄው ራሱ ነው።

ክቡራን አንባብያን እንደሚያውቁት፣ በመጽሐፈ ነገሥት ሁለት ሴቶች ስለ አንድ ሕፃን ሲከራከሩ በንጉሥ ሰሎሞን ፊት ቆሙ። በቤቱ ከሁለቱ በቀር ሌላ ሰው ስላልነበረ ምስክር ታጣ። ንጉሡም የሁለቱን ቃል መመርመር ትቶ ሕፃኑ በሰይፍ ይከፈል ባለ ጊዜ፣ በቃል ያልተገኘው ምስክር ከእናት ርኅራኄ ተገኘ።

በኋለኛው ዘመንም ይህን የሚመስል ነገር ሆኗል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1943 ዓ.ም.፣ አብርሃም ዋልድ የተባለው የሒሳብ ሊቅ በኒውዮርክ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ፣ የጦር አይሮፕላኖች በጥይት ሲመቱ የትኛው አካላቸው ይበልጥ ለአደጋ የተጋለጠ እንደ ሆነ የሚታወቅበትን ሥርዓት ጻፈ። አይሮፕላን በብረት ብዛት ከከበደ በረራው ስለሚሰናከል፣ ብረቱ የሚለበጥበትን ስፍራ መምረጥ ግድ ነው። ከውጊያ የተመለሱትን ብቻ የተመለከተ ሰው፣ ቀዳዳ የበዛበት ስፍራ ይጠንክር ማለቱ አይቀርም። ነገር ግን እነዚያ በዚያ ስፍራ ተመትተውም ተመልሰዋል። በተመለሱት ላይ ቀዳዳ ያነሰበት ስፍራ ምናልባት ሌሎቹ ተመትተው የወደቁበት ነው። ስለዚህ ዋልድ ያልተመለሱትንም በሒሳቡ አገባቸው።

ይህ ትምህርት ለጦር ሰዎች ብቻ የሚጠቅም አይደለም። በሹመት ወንበር የተቀመጠ ሰው የሕዝቡን ችግር የሚሰማው አቤቱታ ይዘው በደጁ ከቆሙት ነው። ከሁሉ ይልቅ የተቸገረው ግን ለመንገዱ ስንቅ፣ ለማመልከቻው ጸሐፊ አጥቶ በቤቱ ይቀራል። አቤቱታ ያልመጣበትን ወረዳ ደኅና ነው ብሎ የሚያርፍ ሹም፣ ቀዳዳ ያልታየበትን ስፍራ ያለ መከላከያ እንደሚተው ሰው ነው። መምህርም የሚጠይቁትን ደቀ መዛሙርት ብቻ ቢያይ፣ ትምህርቱ ሳይገባው ዝም ያለውን ይረሳዋል።

እንግዲህ ፍርድ ከመስጠታችን በፊት በፊታችን የቆመውን ሰምተን ስናበቃ፣ «ያልመጣው ማን ነው? የቀረውስ ስለ ምንድን ነው?» ብለን እንጠይቅ። መልሱ በደጃችን ካልተገኘ፣ ተነሥተን ወዳለበት መሄድ የእኛ ፈንታ ነው።