ያረጀ ውሻ ሁሉ በእርጅና አይታመምም

ይህን አርእስት ያዩ ጓደኞቼ መሳቃቸው አይቀርም። «ሰው ሐኪም ሳያገኝ ለውሻ ሐኪም!» የሚልም ይኖራል። እኔም ቀድሞ እንዲሁ እል ነበር። ነገር ግን ባለፈው ዓመት በቤታችን የሆነው ነገር ሐሳቤን ስለለወጠው ለክቡራን አንባብያን ልገልጽ ወደድሁ።

በመካነ ብርሃን አካባቢ ውሻ ለጨዋታ አይያዝም። በጃናሞራ ደጋ ሌሊት በጎችን ከጅብ የሚጠብቅ እርሱ ነው፤ ድመትም ገብሱን ከአይጥ ትጠብቃለች። ሲያረጁ ሥራቸው ይጓደላል፤ ሥራው የተጓደለ እንስሳ ምን እንደሚገጥመው ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን።

ውሻችን መቻል ዐሥር ዓመት ሞልቶት ነበር። አጥንት ሲጣልለት አሽትቶ ይተወዋል፤ ከሳ፤ ሌሊትም መጮኹን ተወ። አባቴ «አርጅቷል፤ ከእንግዲህ አይጠቅምም፤ ይወገድ» አሉ። እኔም አልተቃወምሁም፤ ዛሬ ይህን ስጽፍ አፍራለሁ። በዚያው ሰሞን በጎችን ሊከትቡ የመጡትን የእንስሳት ጤና ባለሙያ «ጋሼ፣ እባክዎ ይህንንም ይዩልኝ» ብዬ ለመንኋቸው። በዙሪያው የነበሩት ሁሉ ሳቁ፤ እርሳቸው ግን አልሳቁም።

«አባትህ ይያዙት» አሉና ከንፈሩን ወደ ላይ ገለጡት። አንዱ የመንጋጋ ጥርሱ በስብሶ፣ ድዱም አብጦ መግል ቋጥሮ ነበር። ጥርሱ ላልቶ ስለነበረ ነቀሉለት፤ መድኃኒትም ሰጡት። ሳምንት ሳይሞላ ቂጣ በአጓት አርሰን ስንሰጠው ይጨርስ ጀመር፤ በሁለተኛው ሳምንት ሌሊት ጩኸቱን ሰማን። በግራ ዓይኑ ላይ ያለው ሞራ ግን እስከ ዛሬ አለ።

ከዚያ ወዲህ እየጠየቅሁም እያነበብሁም እንደተረዳሁት፣ ዋናው ምርመራ እንስሳው ሳይታመም የሚደረገው ነው። ትልልቅ ውሾች ከ7 ዓመት በኋላ፣ ድመቶችም 10 ዓመት ካለፋቸው በኋላ እንደ ሽማግሌ ይቆጠራሉ። የእነርሱ አንድ ዓመት ለእኛ እንደ ብዙ ዓመት ስለሆነ ሐኪሞች በየ6 ወሩ እንዲታዩ ይመክራሉ። ሐኪሙ ይመዝናቸዋል፤ ልባቸውን ያዳምጣል፤ ሆዳቸውን ይዳስሳል፤ እግራቸውን አጥፎ ይዘረጋል፤ ሙቀታቸውንም ይለካል። የጤነኛ ውሻ ሙቀት 38.5 ዲግሪ ገደማ ስለሆነና ከሰው ስለሚበልጥ፣ ጆሮውን ነክቶ «ትኩሳት አለው» ማለት ያሳስታል። ቤተ ሙከራ ባለበት ደምና ሽንትም ይመረመራል። ድመት በተለይ ሕመሟን ትደብቃለች። ያረጀች ድመት ውሃ ማብዛቷ ብዙ ጊዜ የኩላሊት ሕመም ምልክት ነው፤ እኛ ግን «ወተት ቀርቶባት ነው» ብለን እናልፈዋለን።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትም ለቡችላ ብቻ የሚሰጥ ይመስለን ነበር። ለሸመገለውም ውሻ በየጊዜው መታደስ አለበት። በዓለም ላይ በዚህ በሽታ ከሚያዙት 100 ሰዎች 99ኙ ያህል የሚያዙት ከውሻ ነው፤ ምልክቱ አንድ ጊዜ ከታየ ደግሞ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1885 በውሻ የተነከሰውን ልጅ ያዳነው ምልክቱ ሳይታይ ስለከተበው ነው። የተነከሰም ሰው ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ አጥቦ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ለእኛ ለስሜን ሰዎች ሌላም ምክንያት አለን። በተራሮቻችን የሚኖረው ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ የቀረው 500 ገደማ ብቻ ነው፤ ይኸው በሽታ ከውሾች ተላልፎ በባሌ ብዙዎቹን ፈጅቷል።

ባለሙያው በጣም የተቆጡን ግን በሌላ ነገር ነው። በግ ስናርድ ውሃ የቋጠረ ሳንባና ጉበት ለመቻል እንጥልለት ነበር። ለካስ ትሉ በውሻው አንጀት አድጎ እንቁላሉ ወደ ሰው ይመለሳል! አሁን እንቀብረዋለን።

በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ይሰጣል፤ ከእኛ አገር ግን ውሻ ይዞ እስከዚያ መሄድ ለብዙ ሰው አይቻልም። የሚቻለው በጎች በሚከተቡበት ቀን ውሻውንም አስሮ ማቅረብ ነው። ዘንድሮ መቻልን በገመድ ይዘው ከሁሉ ቀድመው የተሰለፉት አባቴ ናቸው። ድመቷ ግን ከጣራ አልወርድም ብላ ሳትታይ ቀረች።